የሚያጉረመርም የፍሳሽ ቧንቧና የተረሳው የአየር መስመር፦ ከጎግ ወረዳ አንጻር

የቤት ውስጥ ፍሳሽ ቧንቧ ማጉረምረም ሲጀምር ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መዘጋትን ነው። ሽቦ ይገባል፣ ሶዳ ይጨመራል፣ የፈላ ውኃ ይደፋል፤ ድምፁ ለጥቂት ቀናት ጋብ ብሎ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያም ቧንቧው ጠቧል ተብሎ ወለሉ ይቆፈርና በሰፊ ቧንቧ ይተካል። ይህም ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ጥገናው የሚከሽፈው ሠራተኛው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ ምርመራው ከመነሻው ስለ ተሳሳተ ነው። ውኃ እያወረደ የሚያጉረመርም ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አየር ነው። የገጠሩን መጸዳጃ የአየር ቧንቧ እንዲኖረው ስታስተምር የኖረች ሀገር፣ በሴራሚክ ለተነጠፈው የከተማ መታጠቢያ ክፍል ይህንኑ ቧንቧ መንፈጓ ሊታረም ይገባል። የቤት ውስጥ ፍሳሽ መስመር ገና በመግባት ላይ ባለባቸው እንደ ጎግ ባሉ ወረዳዎች ደግሞ እርማቱ እጅግ ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አሁን ነው።

የድምፁን ምንጭ ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በፑኝዶ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች በቢጫ ጀሪካን ውኃ የሚቀዳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የሞላ ጀሪካን ቁልቁል ሲደፋ ውኃው ወጥ ሆኖ አይወርድም፤ ጥቂት ይወርድና ይገታል፣ አየር በዚያው አፍ በኩል እየታገለ ይገባል፣ ውኃው እንደገና ይወርዳል። ያ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ በአንድ ቀዳዳ ለመውጣትና ለመግባት የሚደረግ ግብግብ ነው። ጀሪካኑ ዘንበል ተደርጎ ከተያዘ፣ ወይም በላይኛው ጎኑ ትንሽ ቀዳዳ ከተበሳለት፣ ድምፁ ይጠፋል፤ ውኃውም ፈጥኖ ያልቃል። አፉ አልሰፋም፣ ውኃውም አልቀነሰም፤ የአየሩ መግቢያ ብቻ ተለይቷል። የፍሳሽ ቧንቧም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ፣ ቧንቧው አየር ሲያጣ ከቀረበለት ቦታ መሳቡ ነው፤ የሚቀርበው ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ወይም የሻወሩ ሲፎን ነው።

ሲፎን ከመታጠቢያው፣ ከዕቃ ማጠቢያውና ከሻወሩ ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ ነው፤ በሽንት ቤት መቀመጫ ላይ ከሸክላው ጋር አብሮ ተሠርቶ ይመጣል። ብዙ ሰው የወደቀ ቀለበት ለመያዝ የተበጀ ይመስለዋል (ቀለበት ማዳኑ እውነት ነው፤ ለዚያ ግን አልተሠራም)። በጎባጣው ውስጥ ዘወትር የሚቀረው ውኃ በመኖሪያ ክፍሉና በፍሳሹ መካከል ያለው ብቸኛ መዝጊያ ነው። የስኮትላንድ ተወላጁ ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ካሚንግ ይህን ጎባጣ ቧንቧ ከሽንት ቤት ጋር አያይዞ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ተሻሽሏል፤ መርሑ ግን አልተለወጠም። የሽንት ቤት መቀመጫ የውኃ መዝጊያ ጥልቀት በተለመደው አሠራር 50 ሚሊ ሜትር ነው። 50 ሚሊ ሜትር ውኃ የሚቋቋመው የግፊት ልዩነት ደግሞ 500 ፓስካል አይሞላም፤ ይህም በባሕር ወለል ካለው የከባቢ አየር ግፊት ከ200 እጅ አንዱ ያህል ነው። ቤቱን ከፍሳሹ የሚለየው በር ይህን ያህል ስስ ነው ማለት ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት በዚህች መጠን ዝቅ ካለ በሩ ይሰበራል፤ ማጉረምረሙ በሩ ሲነቃነቅ የሚሰማ ድምፅ ነው።

አሰባበሩ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው በራሱ በመታጠቢያው ጥፋት የሚመጣ ነው። ከሲፎኑ እስከ ዋናው መስመር ያለው ቅርንጫፍ ረጅምና ጠባብ ከሆነ፣ የሚወርደው ውኃ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ይሄድና ጅራቱን እየጎተተ የሲፎኑን ውኃ ይመጥጣል። የእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ የራሱ የአየር ቧንቧ የሌለው 32 ሚሊ ሜትር የእጅ መታጠቢያ ቅርንጫፍ ከ1.7 ሜትር እንዳይበልጥ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቅርንጫፉ ቁልቁል በበዛበት መጠን ችግሩ ይብሳል። ውኃው ቶሎ ይሂድ በሚል ቅን ሐሳብ የተጋነነ ተዳፋት የሚሰጥ ሠራተኛ ሳያውቀው ድምፁን ያባብሳል።

ሁለተኛው በሌላ ሰው ውኃ የሚመጣ ነው። ፎቅ ባለው ቤት ከላይ የተለቀቀ ውኃ በቋሚው መውረጃ ሲወርድ የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ሽፋን ይዞ ይንሸራተታል፤ በመካከል ያለውን የአየር ዓምድ ግን ይዞት ይወርዳል። ብዙዎች እንደሚፈሩት ፍጥነቱ ከፎቅ ፎቅ እየጨመረ አይሄድም፤ ጥቂት ሜትሮች ከወረደ በኋላ የግድግዳው ሰበቃ ይገታዋል። አስቸጋሪው የአየሩ ጉዳይ ነው። ከላይ የሚተካ አየር ከሌለ ከውኃው በስተኋላ ግፊቱ ይወርድና በመንገዱ ላይ ያሉት ሲፎኖች ይመጠጣሉ፤ ከሥር ቋሚው ቧንቧ ወደ አግድም በሚዞርበት ቦታ ደግሞ አየሩ ታፍኖ የምድር ቤቱን የሲፎን ውኃ ወደ ላይ ይገፋል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በብዛት በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖር ሰው፣ ጎረቤቱ ውኃ በለቀቀ ቁጥር የራሱ መታጠቢያ ለምን እንደሚያጉረመርም መልሱ እዚህ ላይ ነው። ቋሚው ቧንቧ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ አፉ ክፍት መሆን ሲገባው አንዳንድ ጊዜ ከጣሪያው ሥር ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜ ዝናብ እንዳይገባ በሚል በክዳን ይታሸጋል። በዚህ ጊዜ በምድር ቤቱ ነዋሪና በአራተኛ ፎቁ ነዋሪ መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ በየሲፎኑ ላይ በሚደረግ ጥገና አይበርድም። ሕጉም በዚህ ረገድ አቅጣጫ ይሰጣል፦ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መንፈስ ሁሉንም ቤቶች የሚያገለግል ቋሚ ቧንቧ የጋራ መጠቀሚያ በመሆኑ ጣሪያው ላይ ያለውን ክዳን የማንሣቱ ኃላፊነት የማኅበሩ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቧንቧ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ የአየር እጦት አይደለም። ቧንቧው ሲዘጋ የሚሰማ ዱብታ ከፍሳሹ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የንጹሕ ውኃ መስመሩ ምት ነው። ሙቅ ውኃ ከወረደ በኋላ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የፒቪሲው መለጠጥ ነው፤ በግድግዳ ውስጥ የሚሰማው ሽሽታም የቧንቧው ግድግዳ መሳሳት ያመጣው ነው። እነዚህ ያሰለቻሉ እንጂ ጤና አይነኩም።

ጎግ ከዚህ ሁሉ ምን አላት? ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ በአኝዋክ ዞን በምትገኘው በዚህች ወረዳ አብዛኛው ሰው መጸዳጃው ከቤቱ ውጭ ነው፤ የቤት ውስጥ ፍሳሽ መስመር ያለው በጤና ተቋማት፣ በመሥሪያ ቤቶች፣ በእንግዳ ማረፊያዎችና በጥቂት መኖሪያ ቤቶች ነው። የፎቅ ቧንቧ ችግር ለጊዜው አያሳስባትም። ነገር ግን የቆላው አየርና የውኃው አቅርቦት በደጋ ከተሞች እምብዛም የማይታሰቡ ሁለት ችግሮችን ያመጣሉ።

የመጀመሪያው በባልዲ ውኃ መልቀቅ ነው። የሽንት ቤት ሣጥን ውኃውን ከለቀቀ በኋላ እንደገና ሲሞላ በቀጭን ቱቦ ጥቂት ውኃ ወደ መቀመጫው ይልካል፤ የተመጠጠው መዝጊያ በዚህ ውኃ ይተካል። ቧንቧ በማይመጣበት ሰዓት ግን ተጠቃሚው አንድ ባልዲ ውኃ በአንድ ጊዜ ይደፋል። ኃይለኛው ፍሰት ቆሻሻውንም የሲፎኑን ውኃም ጠርጎ ይወስዳል፤ በመጨረሻ የሚሰማው ረጅም ጉርምርምታ መዝጊያው መሄዱን የሚናገር ነው፤ የሚተካው ደግሞ የለም። መፍትሔው ምንም ወጪ የለውም፦ ከባልዲው ግርጌ አንድ ሊትር ያህል አስቀርቶ ድምፁ ካበቃ በኋላ በዝግታ ማፍሰስ። ይህች ትንሽ ልማድ በጤና ተቋማት የጽዳት ሠራተኞች ሥልጠና ውስጥ ብትገባ ከብዙ የመዓዛ ኬሚካል ትበልጣለች።

ሁለተኛው ትነት ነው። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል፤ የጎግም አየር ከዚህ የራቀ አይደለም። ከመታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ ያለው የሲፎን ውኃ ማንም ካልነካው ቀስ በቀስ ያልቃል። ለአብነት በቀን 2 ሚሊ ሜትር ቢተን 50 ሚሊ ሜትር ውኃ በ25 ቀናት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው፤ ለክረምት ዕረፍት የተዘጋ ትምህርት ቤት ወይም እንግዳ ያላረፈበት ክፍል ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይቆያል። የደረቀ ሲፎን አያጉረመርምም። ሲያጉረመርም የነበረ ቧንቧ በራሱ ጊዜ ጸጥ ማለቱ ሁልጊዜ መዳኑን አያሳይም፤ የሚንቦጫረቅ ውኃ አጥቶም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የፍሳሹ ጋዝ፣ በረሮና ትንኝ ክፍት መንገድ ያገኛሉ።

የደረቀ ሲፎን እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ2003 ሆንግ ኮንግ ላይ ነው። አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር ከ300 በላይ ነዋሪዎች በሳርስ ተያዙ። የጤና ባለሙያዎች ባደረጉት ምርመራ ነዋሪዎቹ የመታጠቢያ ክፍላቸውን ወለል በውኃ ከማጠብ ይልቅ በመወልወያ ያጸዱ ስለ ነበር የወለሉ ሲፎኖች ደርቀው ተገኙ፤ የአየር መሳቢያ ማራገቢያዎች ሲነሡ ከፍሳሽ ቧንቧው በበሽታው የተበከለ ርጥበት ወደ ክፍሎቹ ስበዋል የሚለው ማብራሪያም ከዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ከሕንፃው ውጭ በአየር ስለ ተሰራጨው ተዋስያን የቀረቡ ተጨማሪ ትንታኔዎች አሉ፤ የሲፎኖቹ መድረቅ ግን በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። ጎግ ውስጥ 30 ፎቅ ያለው ሕንፃ የለም። የወለል ሲፎን ያለው፣ ግን በመወልወያ ብቻ የሚጸዳ የጤና ጣቢያ ክፍል መኖሩ ግን እንግዳ ነገር አይሆንም።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ጊሎ ሲሞላና ሜዳው ውኃ ሲቋጥር የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሴፕቲክ ታንክ ማስረጊያ ጉድጓድ የሚያስወግድበት ቦታ ያጣል። ታንኩ እስከ ክዳኑ ሲሞላ በመስመሩ ውስጥ ያለው አየር መሄጃ ስለማይኖረው በቤቱ ውስጥ ያሉ መታጠቢያዎች ሁሉ በአንድነት ማጉረምረም ይጀምራሉ፤ ቀድሞ የሚጮኸው ዝቅ ብሎ ያለው የወለል ሲፎን ነው። በዚህ ወቅት በቤቱ ውስጥ የሚደረግ ማንኛውም ጥገና ከንቱ ነው። ታንኩ የአየር ቧንቧ ቢኖረው የታፈነው አየር በዚያ በኩል ይወጣ ነበር፤ ታንኩን ማስመጠጥ ግን አይቀርም፤ ማስረጊያው ራሱ ከፍ ባለ ቦታ ላይ እንዲሠራ ማድረግም የግንባታው ጊዜ ሥራ ነው።

ከዚህ ላይ ከቤት ውጭ ያለውን መጸዳጃ መመልከት ይገባል። ፒተር ሞርጋን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በብሌር የምርምር ቤተ ሙከራ ያበለጸገው አየር የሚያገኝ የጉድጓድ መጸዳጃ ከጉድጓዱ ተነሥቶ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ ቧንቧ አለው። በቧንቧው አፍ ላይ የሚያልፈው ነፋስ አየሩን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ንጹሕ አየር በመቀመጫው ቀዳዳ ይገባል፤ ሽታው ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ አፉ ላይ የተወጠረው ወንፊትም ዝንቡን ይይዛል። ይህ ንድፍ በኢትዮጵያ በጤና ኤክስቴንሽን ትምህርት ውስጥ ገብቶ ለገጠሩ ሕዝብ ሲሰጥ የኖረ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለአርሶ አደሩና ለአርብቶ አደሩ ጉድጓድ መተንፈሻ ያስፈልገዋል ብላ ታስተምራለች። በዚያው ወረዳ በብሎኬት የሚሠራው ቢሮ ግን በንድፉ ላይ የውኃ መግቢያና መውጫ እንጂ የአየር ቧንቧ ላይኖረው ይችላል። ዕውቀቱ በወረዳው አለ፤ የጎደለው ከጉድጓዱ ወደ ሴራሚኩ መሻገሩ ነው። ሁለቱ ሥራዎች በተለያዩ ቢሮዎች ሥር መሆናቸው አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ የገጠር መጸዳጃ የጤና ጉዳይ ነው፣ የቢሮው መታጠቢያ ደግሞ የግንባታ።

የምርመራው መንገድ ቀላል ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጆሮ ነው። አንድ መታጠቢያ የሚያጉረመርመው የራሱ ውኃ ሲወርድ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ በራሱ ቅርንጫፍ ነው፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ተዳፋቱ ይታያል። የሚያጉረመርመው ሌላው ሲለቀቅ ከሆነ የጋራው መስመር አየር አጥቷል። ሁሉም አንድ ላይ ከጮኹ፣ በተለይም ከዝናብ በኋላ፣ ነገሩ ታንኩ ላይ ነው። ጥርጣሬው ካልጠራ ለቤቱ የቀረበው ፖዜቶ ክዳኑ ተነሥቶ ውኃው እንደገና ይለቀቃል። ክዳኑ ሲነሣ ድምፁ ከጠፋ ቧንቧው ሲጠይቅ የኖረው አየር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ለሽቦም ለሶዳም የሚሆን ሥራ አልነበረም። ሶዳው በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች እንደሚጎዳም መታወቅ አለበት። ፖዜቶውን ከፍቶ ማየት ከታንክ ውስጥ ከመግባት የተለየ ነገር ነው፤ በታንክ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላልና ያለ ባለሙያ ማንም ሊወርድበት አይገባም።

ጥገናውም ከበሽታው ጋር መመጣጠን አለበት። ለጋራው መስመር አየር የሚሰጥ ቧንቧ ከላይኛው ቅርንጫፍ ከፍ ብሎ ተቀጥሎ ከጣሪያ በላይ ይወጣል፤ ከመስኮት ራቅ ይላል፤ አፉ ላይ ዝገት በማይበላው ወንፊት ይሸፈናል። ጣሪያ መብሳት በማይቻልበት ቤት አየር የሚያስገባ ግን የማያስወጣ ክዳን በቅርንጫፉ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ መሣሪያ መመጠጥን ያቆማል እንጂ ከታንክ የሚመጣን ግፊት አይመልስም፤ ስለዚህ በክረምት ለሚሞላ ታንክ መድኃኒት አይሆንም። ለደረቀ ሲፎን በየሳምንቱ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃዋል፤ ለረጅም ጊዜ ለሚዘጋ ክፍል በውኃው ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ ትነቱን ያዘገያል።

ይህ ሁሉ ወጪ ያበዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ በከፊልም እውነት አለው። አንድ መታጠቢያ ክፍል ብቻ ላለው የምድር ቤት ቅርንጫፎቹ አጭር ከሆኑና ዋናው መስመር አንድ ቦታ ላይ ከተነፈሰ ለእያንዳንዱ መታጠቢያ የተለየ የአየር ቧንቧ መሥራት ብክነት ነው። የውጭውን ኮድ በሙሉ ገልብጦ በጎግ ላይ መጫን አይገባም። ሊቀር የማይገባው ግን አንድ ክፍት አፍ ነው፦ ከመስመሩ ተነሥቶ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ አንድ ቧንቧ። ግድግዳው ሳይለሰን ይህ ቧንቧ የጥቂት ሜትር ፒቪሲና የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግን መቆፈር፣ መስበርና መልሶ መለጠፍ ነው፤ ልክ የሆነ ሴራሚክ እስኪመጣ መጠበቅም አለ።

የሕጉ ክፍተትም መነሣት አለበት። ሀገሪቱ ለሕንፃዎች የቧንቧ ሥራ ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል፣ ኢቢሲኤስ 9ን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥታለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ደግሞ ተፈጻሚነቱን በዋናነት 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ አድርጎ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን ጨመረ። ስለዚህ በትንንሽ ከተሞች የግለሰብ ቤት የሚሠራ ሰው ንድፉን የሚያይለት አካል ላያገኝ ይችላል፤ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና ቢሮው ግን ከቁጥጥር ውጭ ሊሆኑ የሚችሉበት ምክንያት የለም። የግል ቤት ሠሪው የሚያየው የቢሮውን አሠራር ነው፤ የሚቀጥረውም ያንን ቢሮ የሠራውን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ የወረዳው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የሥራ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንድ ክፍት የቧንቧ አፍ መኖሩን ቢያይ፣ ከታችም ሁሉንም ውኃ በአንድ ጊዜ አስለቅቆ ቢያዳምጥ፣ ሥራው ከመንግሥት ሕንፃ አልፎ ወደ ግለሰብ ቤት ይደርሳል።

ለምረቃ ጥናት ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪም በዚህ ዙሪያ ያልተነካ መስክ አለ። በሀገር ውስጥ የሚሠራበት የሲፎን ጥልቀት የመጣው ቀዝቃዛ አየርና የማይቋረጥ ውኃ ካላቸው ሀገሮች ነው። ለ40 ዲግሪ ሙቀትና ለፈረቃ ውኃ ይበቃል ወይስ ወደ 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር መጥለቅ አለበት የሚለው ጥያቄ በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ እንኳ ሊጠና ይችላል። የሚያስፈልጉት የተለያየ ጥልቀት ያላቸው ግልጽ የፕላስቲክ ሲፎኖች፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ የሙቀትና የርጥበት መለኪያ፣ እንዲሁም በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚመዘግብ ሰው ናቸው። ግማሾቹ ሲፎኖች በሚነፍስ፣ ግማሾቹ በታፈነ ክፍል ይቀመጡ፤ በከፊሎቹ ላይ ዘይት ይጨመር፤ ንባቡ ዝናቡ ከሚያቆምበት ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይቀጥል።